ቀላል ጠመንጃ ቀላል ነገር አይደለም

በአማርኛችን «ቀላል» የሚለው ቃል ሁለት ትርጉም አለው። ሲያነሱት የማይከብደውን ዕቃ ቀላል እንለዋለን፤ ሲሠሩት የማያስቸግረውንም ሥራ እንዲሁ ቀላል እንለዋለን። ቋንቋችን እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ስም ይጥራቸው እንጂ ተፈጥሮ ግን አንድ አድርጋ አታያቸውም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ዕቃው በቀለለ መጠን ሥራው ይከብዳል። ይህን ለማስረዳት የመረጥኩት ምሳሌ ለአንዳንድ አንባቢያን እንግዳ ሊሆን ይችላል፤ እርሱም በአሜሪካ ተራሮች ለቀናት በእግራቸው የሚጓዙ ሰዎች ከድንኳንና ከስንቃቸው ጋር የሚይዙት አነስተኛ ካሊበር ያለው ቀላል ጠመንጃ ነው።

ምሳሌውን የመረጥኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ፊዚክስ የተማረ ሁሉ አንድ ጥያቄ ያውቃል፦ «መጠነ ቁሱ ይህን ያህል የሆነ ጠመንጃ፣ ይህን ያህል መጠነ ቁስ ያለውን አረር ሲተኩስ በምን ፍጥነት ወደ ኋላ ይመለሳል?» እኔም ይህን ጥያቄ በፈተና ወረቀት ላይ ለዓመታት ሳስቀምጥ ኖሬአለሁ። ተማሪው የሞመንተምን ሕግ ይጠቅሳል፣ ቁጥሩን ያወጣል፣ ነጥቡን ያገኛል። ከዚያ በኋላ ግን «ይህ ቁጥር ለማን፣ ለምን ይጠቅማል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ ይህችን የጎደለች ጥያቄ ማንሣት ነው።

የጎረቤቴ ጠመንጃ

ለዶክትሬት ትምህርት በሮኪ ተራሮች ግርጌ በነበርኩበት ጊዜ በአንድ የተማሪዎች መኖሪያ አብሮኝ የኖረ የሥነ ሕይወት ተማሪ ነበር። በየዓመቱ መስከረም ላይ የአደን ፈቃዱን አውጥቶ፣ ሻንጣውን አዝሎ ወደ ተራራ ይወጣል፤ ጥንቸልና ቆቅ መሰል የዱር ወፎችን ያድናል። የሚያዝለውን ሁሉ በሚዛን የሚመዝን፣ የጥርስ ብሩሹን እጀታ ሳይቀር ቆርጦ የሚያሳጥር ሰው ነበር።

ጠመንጃው 2.4 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር። አንድ ክረምት ሙሉ ደከመበት። የእንጨቱን ሰደፍ ውስጡ ክፍት በሆነ ፕላስቲክ ተካው፤ የብረቱንም አፈሙዝ አውጥቶ በካርቦን ጭረት በተጠቀለለ ስስ አፈሙዝ ለወጠው። በመጨረሻም ሚዛኑ 1.4 ኪሎ ግራም አሳየ። አንድ ኪሎ ግራም ሙሉ ቀንሷልና ደስታው ወሰን አልነበረውም።

ለሙከራ አብረን ወደ ተኩስ ሜዳ ሄድን። ጠመንጃውን በጠረጴዛ ላይ በአሸዋ ከረጢት አስደግፎ በ50 ሜትር ርቀት አምስት ጥይት ተኮሰ። አምስቱም ከ3 ሴንቲ ሜትር በማይበልጥ ክብ ውስጥ ገቡ፤ ከቀድሞው ምንም ልዩነት የለም። ቀጥሎ ተነሥቶ ቆመና ያለ ድጋፍ ተኮሰ። ይህን ጊዜ ቀዳዳዎቹ በወረቀቱ ላይ እንደ ተበተነ ሽንብራ ሆኑ። በከባዱ ጠመንጃ ቆሞ ሲተኩስ እንዲህ ሆኖበት አያውቅም። ወደ እኔ ዞሮ፣ «አንተ የፊዚክስ ሰው ነህ፤ ጠመንጃዬ ምን ሆነ?» አለኝ።

የተሳሳተው ተጠርጣሪ

በመጀመሪያ የጠረጠርኩት፣ ለፈተና የማወጣትን ያችኑ ጥያቄ ነበር፦ ጠመንጃው ስለቀለለ ወደ ኋላ የሚመታው ምት በርትቶ ይሆን? በወረቀት ላይ እናስላው።

ጎረቤቴ የሚጠቀምበት ጥይት «ነጥብ ሃያ ሁለት ሎንግ ራይፍል» የሚባለው ነው። ይህ ጥይት እ.ኤ.አ. ከ1887 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን የአረሩ ስፋት 5.6 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ መጠነ ቁሱም 2.6 ግራም ያህል ነው። ፈጣን የሚባለው ዓይነት ከአፈሙዝ ሲወጣ በሰከንድ 380 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ የአረሩ ሞመንተም 1 ኪሎ ግራም ሜትር በሰከንድ ያህል ነው። የባሩዱን ጋዝ ለጊዜው እንተወውና፣ 2.4 ኪሎ ግራም የነበረው ጠመንጃ በሰከንድ 0.4 ሜትር፣ 1.4 ኪሎ ግራም የሆነው ደግሞ 0.7 ሜትር ያህል ወደ ኋላ ይመለሳል። በኢነርጂ ሲሰላ ከ0.2 ጁል ወደ 0.35 ጁል ገደማ አደገ ማለት ነው።

ይህ ብዙ ነውን? አያቶቻችን በ1888 ዓ.ም. ዓድዋ ላይ ከተሸከሟቸው ጠመንጃዎች አንዱ ከሆነው ከውጅግራ ጋር እናነጻጽረው። ውጅግራ 4.2 ኪሎ ግራም የሚመዝን፣ 25 ግራም አረር በሰከንድ 450 ሜትር ገደማ የሚተፋ ባለ 11 ሚሊ ሜትር ጠመንጃ ነው። ተመሳሳዩን ስሌት ብንሠራ 15 ጁል ያህል እናገኛለን። ይህም ከጎረቤቴ ቀላል ጠመንጃ ምት ከ40 እጥፍ በላይ ነው። 0.35 ጁል ትከሻን የሚያሳስብ ነገር አይደለም። የፈተናዋ ጥያቄ ትክክለኛ መልስ ሰጠች፤ ነገር ግን ጥፋተኛው እርሷ የጠረጠረችው አልነበረም።

ዝግ ማለት የሚሰጠው ጥቅም

እውነተኛው ምክንያት ኢነርሺያ ነው። የሰው እጅ ፈጽሞ ጸጥ ብሎ አያውቅም፤ የልብ ምትና ትንፋሽ ሳያቋርጡ ይገፉታል። ከባድ ጠመንጃ ለዚህ ትንሽ ግፊት ቶሎ አይታዘዝም፤ ቀላሉ ግን ወዲያው ይታዘዛል። ለአንድ ዓይነት ጠምዛዥ ጉልበት፣ የማሽከርከር ኢነርሺያው በግማሽ የቀነሰ ጠመንጃ በእጥፍ ማዕዘናዊ ፍጥንጥነት ይወዛወዛል። በጠረጴዛው ላይ ይህ ያልታየው፣ የእጁን ሥራ የአሸዋው ከረጢት ስለሠራለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። የማሽከርከር ኢነርሺያ የሚያድገው ከርቀት ካሬ ጋር ነው። ከትከሻ 60 ሴንቲ ሜትር ርቆ ያለ 200 ግራም፣ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ካለው 200 ግራም ይልቅ 16 እጥፍ ያረጋጋል። ጎረቤቴ ከሰደፉ የቀነሰው ብዙም አልጎዳውም፤ የጎዳው ከአፈሙዙ ጫፍ የቀነሰው ነው። በሚዛን ላይ ሁለቱ ግራሞች እኩል ናቸው፤ በእጅ ላይ ግን እኩል አይደሉም።

መወዛወዙ ትንሽ መስሎ ሊታይ ይችላል። አንድ ሺህኛ ራዲያን ለዓይን አይታይም፤ ሆኖም በ50 ሜትር ርቀት 5 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። የጥንቸል ጭንቅላት ደግሞ ከዚህ ብዙም አይሰፋም።

አንድ ኪሎ ግራም ስንት ነው?

ፍትሐዊ ለመሆን የክብደት ቀናሾቹንም ክርክር ልስማ። በአነስተኛ ካሊበር መጓዝ ራሱ ትክክለኛ ምርጫ ነው። የዚህ ጥይት አንዱ ፍሬ ከነቀለሁ 3.4 ግራም ገደማ ስለሚመዝን መቶ ፍሬ 340 ግራም ብቻ ይሆናል። ለአጋዘን አደን ከሚውሉት ባለ 7.62 ሚሊ ሜትር ጥይቶች መቶውን ብንይዝ ግን ወደ 2.5 ኪሎ ግራም ይደርሳል። ለጥንቸል የመጣ ሰው ይህን ሁሉ የሚሸከምበት ምክንያት የለም።

ከጠመንጃው ላይ የተቀነሰችው አንዲት ኪሎ ግራምስ? አንድ ኪሎ ግራም ወደ 1000 ሜትር ከፍታ ለማውጣት 9.8 ኪሎ ጁል ሥራ ያስፈልጋል። ጡንቻ ከሚመገበው ኢነርጂ ወደ ሥራ የሚለውጠው ከአራትና ከአምስት አንዱን ያህል ስለሆነ ተጓዡ ከ40 እስከ 50 ኪሎ ጁል ያወጣል። ይህም በአንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ውስጥ ካለው ኢነርጂ ያንሳል! በእርግጥ ትከሻና ጉልበት የሚደክሙት በስኳር ሒሳብ ብቻ አይደለም፤ ቁልቁለትም አለ፤ ጥቂት ጥቂት የሆኑ ክብደቶችም ተደምረው ሸክም ይሆናሉ። ስለዚህ መቀነስ ስሕተት ነው አልልም። የምለው፣ የምናተርፈውን በጁል የምናጣውን ደግሞ በሴንቲ ሜትር ሳናሰላ መቀነስ ስሕተት ነው ነው።

ክብደት የሌላቸው ማሻሻያዎች

ገበያው ሁለት ዓይነት መነሻ ያቀርባል። አንደኛው ከመጀመሪያው ቀላል ተደርጎ የተሠራው ነው። ዩጂን ስቶነር የነደፈውና አርማላይት እ.ኤ.አ. በ1959 ያወጣው ኤአር-7 ተፈታትቶ በራሱ ሰደፍ ውስጥ የሚከተት፣ ከአንድ ኪሎ ግራም ትንሽ የሚበልጥ ጠመንጃ ነበር። ሁለተኛው እንደ ሩገር 10/22 ያለው መደበኛ ጠመንጃ ነው። ይህ እ.ኤ.አ. በ1964 ገበያ ላይ የዋለ ሲሆን 2.3 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሁሉም ክፍሎቹ ለማለት ይቻላል ሊለወጡ ይችላሉ። ለሁለት የሚለያየው ዓይነትም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ አለ። የመጀመሪያው ለክፉ ቀን ተጠባባቂ፣ ሁለተኛው ግን በእርግጥ ለሚያድን ሰው ይስማማል የሚል እምነት አለኝ።

ሁለተኛውን የመረጠ ሰው ከየት ይጀምር? በእኔ አስተያየት በመጀመሪያ ምንም ከማይመዝኑ ነገሮች ነው።

አንደኛ፣ ምላጩ። ብዙ የፋብሪካ ምላጮች ለመሳብ 20 ኒውተንና ከዚያም በላይ ይጠይቃሉ። 1.4 ኪሎ ግራም የሚመዝነው ጠመንጃ ክብደቱ 14 ኒውተን አይሞላም። ጣት ጠመንጃው ራሱ ከሚመዝነው በሚበልጥ ጉልበት ሲስበው እንዴት ጸጥ ብሎ ይቆማል? ምላጩን በባለሙያ በልኩ ማላላት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። ከልክ በላይ ማላላት ግን በብርድ በደነዘዘ ጣት ወይም በመውደቅ ሳያስቡት እንዲተኩስ ያደርጋልና አደጋ ነው።

ሁለተኛ፣ የአፈሙዙ ርዝመት። የዚህ ጥይት ባሩድ በጣም ጥቂት ስለሆነ ጋዙ አረሩን በሚገባ የሚገፋው በመጀመሪያዎቹ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመር ርዝመት የሚያስገኘው ፍጥነት እዚህ ግባ አይባልም። በአሜሪካ የፌዴራል ሕግ ያለ ልዩ ምዝገባ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ርዝመትም 16 ኢንች፣ ማለትም 40.6 ሴንቲ ሜትር ነው። ስለዚህ አፈሙዝን ከማቅጠን ይልቅ ማሳጠር ይሻላል።

ሦስተኛ፣ የጥይቱ ምርጫ። በሰከንድ 330 ሜትር የሚጓዘው ዝግተኛ ዓይነት በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከድምፅ ፍጥነት (343 ሜትር በሰከንድ) በታች ነው። ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ማለዳ ግን የድምፅ ፍጥነት ወደ 325 ስለሚወርድ ያው አረር ከድምፅ ሊፈጥን ይችላል። ወደ ድምፅ ፍጥነት ወርዶ ሲያልፍም በዚያ ወሰን ላይ መንገዱ ሊታወክ ይችላል። ብዙ ተማሪዎች የድምፅን ፍጥነት በተራራ ላይ የሚቀንሰው የአየሩ መሳሳት ይመስላቸዋል፤ ምክንያቱ ግን የሙቀቱ መቀነስ ነው።

አራተኛና ዋነኛው፣ ልምምድ ነው። ማንገቻውን በክንድ ላይ ጠምጥሞ፣ ተንበርክኮ ወይም ዛፍ ተደግፎ መተኮስ የአሸዋውን ከረጢት በነፃ ይተካል። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የሚለው የአባቶች ቃል እዚህ ላይ በትክክል ይሠራል።

ዋጋውን የሚከፍለው ማን ነው?

ጉዳዩ የሒሳብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አልጽፍም ነበር። በወረቀት ላይ 5 ሴንቲ ሜትር መሳት ቀዳዳ ነው፤ በተራራ ላይ ግን 5 ሴንቲ ሜትር መሳት ማለት ቆስሎ በቁጥቋጦ ውስጥ የሚጠፋ እንስሳ ማለት ነው። ሸክሙን የቀነሰው ተጓዡ ነው፤ የቀነሰበትን ዋጋ የሚከፍለው ግን ጥንቸሉ ነው። አነስተኛ ካሊበር መሆኑም መጫወቻ አያደርገውም፤ ዒላማውን የሳተ አረር ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ በዚያ መንገድ ላይ ማን እንዳለ አያውቅም። በሀገራችንም የጦር መሣሪያ መያዝ በ2012 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1177 የሚመራ፣ ፈቃድ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ስለሆነም ይህ ጽሑፍ ለማስላት እንጂ ለመታጠቅ የቀረበ ግብዣ አይደለም።

ጎረቤቴ ስሌቱን ካየ በኋላ ምላጩን አስተካከለ፤ አፈሙዙንም በመጠኑ ወፈር ባለ፣ ግን አጭር በሆነ ለወጠው። ጠመንጃው 1.7 ኪሎ ግራም ሆነ። 300 ግራም መልሶ መሸከሙን መጀመሪያ አልወደደውም ነበር። በሚቀጥለው መስከረም ከተራራ ሲመለስ ግን ሁለት ጥንቸል ይዞ መጣ፤ በሦስተኛው ላይ ግን ከ60 ሜትር በላይ ርቆ ስለነበረና የሚደገፍበት ነገር ስላጣ ሳይተኩስ እንዳለፈው ነገረኝ። ከማሻሻያዎቹ ሁሉ ያስደሰተኝ ይህኛው ነው።

እኔም ከዚያ ወዲህ ያችን የፈተና ጥያቄ አልሰረዝኳትም። ከሥሯ ግን አንዲት መስመር ጨምሬባታለሁ፦ «ያገኘኸው መልስ በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያሳስብ ነውን? ካልሆነ፣ መጠየቅ የነበረበት ምንድን ነው?» ተማሪዎቼ ከሁሉም ከባድ የሚሏት ይህችን መስመር ነው።