ዕቃም ይፈናጠጣል እንዴ?

ሞተር ይዘው ለካምፕ የሚወጡ የከተማ ልጆች የሚለጥፉትን ፎቶ ታውቁታላችሁ አይደል? ከፊት ነጂው፣ ከኋላው ደግሞ አናቱ ላይ ሊወጣ የደረሰ የድንኳን፣ የፍራሽ፣ የብርድ ልብስና የድስት ቁልል። ጀብዱ ይመስላል። ለመንዝ ግን አይሆንም ባይ ነኝ።

እስቲ ከመንገዱ እንጀምር። እስከ ደብረ ብርሃን ያለው 130 ኪሎ ሜትር ብዙም አይፈትናችሁም። ጨዋታው የሚለወጠው ጣርማ በር ላይ፣ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ሳትገቡ ወደ መሐል ሜዳ ስትታጠፉ ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡራተር ያለው ትንሽ ሞተር ትንፋሽ ያጥረዋል። በዚያ ላይ ከኋላ ጎማው አልፎ የተጫነ ክብደት ዳገት ላይ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፤ መሪውን ይዛችሁም ሞተሩ እንደፈለገ ይሄዳል። ሰው ቢሆን እኮ ኩርባ ላይ አብሯችሁ ያዘነብላል፣ ጉድጓድ ሲመጣ ብድግ ይላል። ድንኳን ይህን አያውቅም። የታሰረበት የከመነዳሪ ቁራጭ ተፈትቶ ካቴና ውስጥ ከገባማ... ኧረ አያድርስ! ከባዱን ዕቃ በጎን ቦርሳ ዝቅ አድርጉት (ከማርሚታው አርቃችሁ፣ ናይለን ይቀልጣል)፤ የቀረውን ቤት ተዉት።

«ብርዱስ?» ትሉኝ ይሆናል። የጓሳ ሌሊት ውርጭ ነው፣ አልክድም። ግን ወደ መንዝ ብርድ ልብስ ተሸክሞ መሄድ ምን ይሉታል? ከበግ ጸጉር ተፈትሎ የሚሸመነው ባና የዚያው አገር ሥራ ነው። ሄዳችሁ ግዙ። (ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። ቢያንስ የምትሸከሙት ቁልቁለቱን ነው።) የጋዝ ምድጃ ግን አትርሱ፤ ጭረንፊና አስታ እየቆረጣችሁ እሳት አታንድዱ። ያ ሜዳ የማንም አይደለም ብላችሁ እንዳታስቡ። ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ በ«ቄሮ» ሥርዓት (የዜናው ቄሮ አይደለም) የተጠበቀ የጋራ መሬት ነው። ሣሩ እንዲያገግም ለዓመታት ይዘጋ ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ሥርዓቱን ቢያፈርሰውም ነዋሪው ጥበቃውን በሌላ መልክ ይዞታል። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እዚያ የተረፉት በዚህ ነው።

ዋናው ነገሬ ግን ወንበሩ ነው። አማርኛ «መፈናጠጥ» የሚል ቃል ያለው ከሞተር በፊት ነው፤ በቅሎ ላይ ከጋላቢው ኋላ ለሚቀመጥ ሰው የወጣ ቃል ነው። ለሰው! ለዕቃማ አጋሰስ ነበር። ገጠር ውስጥ የሞተር የኋላ ወንበር ማለት ገበያ የሚደርስ፣ ሐኪም ቤት የሚደርስ ሰው ማለት ነው። እናንተ በድንኳን ዘግታችሁት በዚያ ሰው አጠገብ አቧራ እያቦነናችሁ ታልፋላችሁ። አስጎብኚ ብትይዙ እንኳ የምታስቀምጡበት የላችሁም፤ ቀበሮዋ በየት በኩል አይጥ እንደምታድን የሚያውቀው እሱ ሆኖ ሳለ። (እኔ ስነዳ «ነጂው የት ሄደ?» ተብዬ ስለማውቅ የኋላ ወንበር ጉዳይ ትንሽ ያንገበግበኛል። እሱ ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል።)

ይህ ሁሉ መንገዱ ሰላም ሲሆን ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. የአማራ ክልል ጦርነት ውስጥ ከገባ ወዲህ ወደዚያ ለመነሣት መጀመሪያ እዚያው ላለ ሰው ደውሎ መጠየቅ እንጂ ፎቶ አይቶ መንቀሳቀስ የለም። የሚያስኬድ ቀን ሲመጣና ወንበሩን ባዶ መተው ካስጨነቃችሁ ሁለተኛ ሄልሜት እሰሩበት፤ መሐል ሜዳ ላይ ለሚፈናጠጠው ሰው።