የድንጋዩን ቤት አታፍርሱ

በእኛ ቋንቋ በእጅ የሚያዘው መብራት ባትሪ ይባላል፤ ሆዱ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ድንጋይ። በልጅነታችን የሬዲዮው ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ አስጥተን፣ አልነቃ ሲልም በጥርሳችን ነክሰን፣ ለአንድ ምሽት ዜና እንኳ እንዲበቃ እንለምነው ነበር። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። በድንጋይ የሚሠሩትን፣ ለገና ዛፍና ለግድግዳ ጌጥ የሚዘረጉትን የአምፖል ሐብሎች በአዳፕተር አማካይነት ከሶኬት ጋር ስለማገናኘት ነው። ጉዳዩ ትንሽ ይመስላል፤ ለእኔም ትንሽ መስሎኝ ነበር።

እናቴ ከአልጋዋ ራስጌ የእመቤታችን ስዕል አላት። ለዓመታት ማታ ማታ ከስዕሉ ፊት ጧፍ ታበራ ነበር። አንድ ምሽት ጧፉ ሳይጠፋ እንቅልፍ ወስዷት የመጋረጃው ጫፍ ከተለበለበ በኋላ፣ በስዕሉ ዙሪያ የምትዘረጋ ሃያ አምፖል ያላት ሐብል ገዛሁላት። ወደደቻት። ሌሊት ስትነሣ መንገድ የምታሳያትም እርሷው ሆነች። ዳሩ ግን ሐብሊቱ በአንድ ጊዜ ሦስት ድንጋይ ትበላለች፤ ሌሊቱን ሙሉ ስትበራ ደግሞ ከሦስት ሌሊት በላይ አትዘልቅም። እናቴ ከጡረታዋ እየቀነሰች ድንጋይ መግዛት ስትጀምር ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ሐብሊቱ ከነአዳፕተሯ ግማሽ ዋት ብትፈልግና ሌሊቱን 10 ሰዓት ብትበራ፣ በቆጣሪ የሚመዘገብ አንድ ኪሎዋት ሰዓት 200 ሌሊት ያበራታል። ያንኑ ኃይል ከድንጋይ እናግኝ ብንል፣ ጥሩ የሚባለው የአልካላይን ድንጋይ የሚይዘው 3 ዋት ሰዓት ያህል ስለሆነ፣ ከ300 በላይ ድንጋይ መግዛት ሊኖርብን ነው። ያ ሁሉ ዚንክና ማንጋኒዝ መጨረሻው የቆሻሻ ገንዳና የሰፈር ቦይ ነው። ስለዚህ ወደ አዳፕተር ማዞሩን እደግፋለሁ። አንዳንድ ወዳጆቼ «በቀጥታ ሶኬት ላይ የሚሰካውን ለምን አትገዛላትም?» ይሉኛል። 220 ቮልት በቀጭን ሽቦ ተሸክሞ በአረጋዊት ራስ ላይ የሚያልፍ ጌጥ አያስተማምነኝም። ደህና አዳፕተር አደገኛውን ኃይል ግድግዳው ጋ አስቀርቶ ወደ አልጋው የሚልከው ጥቂት ቮልት ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ ይህን ሥራ ስሠራ ሁለት ጊዜ ተሳስቻለሁ፤ ሁለተኛው ስሕተቴ ከመጀመሪያው ይከፋል።

የመጀመሪያው የመጠን ስሕተት ነው። እጄን ላፍታታ ብዬ፣ እንደ ሳንቲም በጠፍጣፋ ድንጋይ የምትሠራ አንዲት ትንሽ ሐብል ከአሮጌ የስልክ ቻርጀር ጋር በቀጥታ አገናኘሁ። ለቅጽበት አይን እስኪያጭበረብር ድረስ በርታ ጠፋች፤ በዚያው ቀረች። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው። ትንሿ ድንጋይ ደካማ ናት፤ በውስጧ ባለው ተቃውሞ የተነሣ ብዙ ኮረንቲ ስጪ ብትባል አትሰጥም። አንዳንድ ሠሪዎችም በዚህ ድክመቷ ተማምነው ኮረንቲውን የሚገድበውን ሬዚስተር ይተዉታል። ቻርጀሩ ግን የተጠየቀውን ሁሉ ይሰጣል፤ አምፖሎቹም ጠግበው ይሞታሉ። ለካ የድንጋይዋ ድክመት ጠባቂያቸው ኖሯል። ጠባቂውን የሚያነሣ ሰው በቦታው ሌላ ጠባቂ ማቆም አለበት።

የእናቴን ሐብል በጥንቃቄ ያዝኳት። እያንዳንዳቸው 1.5 ቮልት የሆኑ ሦስት ድንጋዮች በድምሩ 4.5 ቮልት ይሰጣሉ፤ የስልክ ቻርጀሩ ደግሞ 5 ቮልት። በመስመሩ መካከል አንድ ዳዮድ ሳስገባ 0.7 ቮልት ያህል አስቀርታ 4.3 አሳለፈች። የመደመሪያና የመቀነሻ ምልክቱን ለይቼ በየዳኋት፤ በራች። ከዚያም በኩራት የድንጋዩን ሳጥን ቆርጬ ጣልኩት። ከእንግዲህ ምን ይሠራል ብዬ።

በሦስተኛው ሳምንት እኩለ ሌሊት ላይ መብራት ሄደ። እናቴ እንደ ልማዷ በሐብሊቱ ብርሃን ልትሄድ ብትነሣ ጨለማ ሆነባት፤ በርጩማ አደናቅፏት ወደቀች። ጉልበቷ አብጦ ሳምንት ያህል አልጋ ላይ ዋለች። ስጠይቃት አልተቆጣችኝም። «ልጄ፣ ድሮ ሰፈሩ ሲጨልም እንኳ እሷ ትቀር ነበር፤ አንተ ካበጀሃት ወዲህ አብራ ትሄዳለች» አለችኝ ብቻ።

እኔ ወጪ አዳንኩ ስል የሐብሊቱን ዋና ጥቅም ወስጄባት ነበር። መብራት የምንለው ብርሃኑንም ኤሌክትሪኩንም ነውና፣ «መብራት ሄደ» ስንል ሁለቱ አብረው መሄዳቸውን እንናገራለን። ድንጋይ ያላት ሐብል ሁለቱን ትለያቸው ነበር፤ ኤሌክትሪኩ ቢሄድም ብርሃኗ ይቀራል። እኔ ግን አንድ ገመድ ላይ አሰርኳቸው።

እንግዲህ አቋሜ ይህ ነው፤ አዳፕተሩን ጨምሩ፣ የድንጋዩን ቤት ግን አታፍርሱ። መንገዱም አስቸጋሪ አይደለም። ሦስት እግር ያላት የአዳፕተር መቀበያ ከሬዲዮ ጠጋኞች ዘንድ ትገኛለች። በሳጥኑ ጎን ቀዳዳ ተበጅቶላት በትክክል ከተበየደች፣ መሰኪያው ሲገባ ድንጋዮቹን ከመስመር ታስወጣቸዋለች፤ ሲነቀል መልሳ ታገናኛቸዋለች። ይህች መለያ ሳትኖር ድንጋዮቹን በሳጥኑ ውስጥ ትቶ አዳፕተር ማገናኘት ግን ክልክል ነው። እንዲሞሉ ያልተሠሩ ድንጋዮች በግድ ኮረንቲ ሲገባባቸው ይግላሉ፣ ያፈስሳሉ፣ ሊፈነዱም ይችላሉ። መለያውም ኖሮ ቢሆን በየጥቂት ወሩ ሳጥኑን ከፍቶ ድንጋዮቹ አለማፍሰሳቸውን ማየት ይገባል።

ለእናቴ ሌላ ሐብል ገዝቼ እንዲህ አድርጌ ሠራሁላት። ክቧን መሰኪያ በዳሰሳ እንድታገኛት ክር አሰርኩባት። ባለፈው ሰሞን መብራት ሲሄድ ደወለችልኝ። «ሰፈሩ ጨልሟል፤ ክሩን ስቤ ነቀልኳት፣ በርታለች» አለችና ወዲያው ስለ ጉልበቷ ሳልጠይቃት ስልኩን ዘጋችው።

ቸር ያሰንብተን።