ተረት በተረት ውስጥ

በታሪክ ውስጥ ሌላ ታሪክ የሚያቅፉ ምናባዊ ልብወለዶች ትልቁ ጉልበታቸው ተራኪውን ከመጋረጃ ጀርባ አውጥተው ከአንባቢው ፊት ማስቀመጣቸው ነው። ማን ተረከ፣ ለማን፣ ምን ፈልጎ የሚለው ጥያቄ የሴራው አካል ይሆናል።

ስልቱ ጥንታዊ ነው። በ«አንድ ሺህ አንድ ሌሊት» ሻህራዛድ የምትተርከው ያገባቸውን ሴቶች በማግስቱ ከሚያስገድል ንጉሥ ነፍሷን ለማትረፍ ነው። ከተረቶቿ በአንዱ፣ በአንድ ጎባጣ ሰው ሞት የተከሰሱ ሰዎች በቻይና ንጉሥ ፊት ይቆማሉ፤ ከጎባጣው ታሪክ የበለጠ አስደናቂ ነገር ካልተረኩለት ይሰቀላሉ። ልብስ ሰፊው ስለ አንድ ለፍላፊ ፀጉር አስተካካይ ያወራል፤ ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ በዚያው ታሪክ ውስጥ የስድስት ወንድሞቹን ዕጣ ይተርካል። አንባቢው ይህን ያህል እርከን ወርዶም ሞት ከበላይ እንዳንዣበበ ያውቃል፤ የውስጡ ሳቅ ሳይቀር የውጭውን ፍርሃት ይሸከማል።

ኢትዮጵያም ከስልቱ ጋር ከተዋወቀች ቆይታለች። እጨጌ ዕንባቆም እ.ኤ.አ. በ1553 ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ በመለሱት «በረላምና ይዋስፍ»፣ ነጋዴ መስሎ የመጣ ባሕታዊ ልዑሉን በምሳሌ ላይ ምሳሌ እየደረበ ያስተምረዋል። እዚህ ተረቱ የሚመዘነው በሰሚው ልብ ላይ ባመጣው ለውጥ ነው።

የዘመናችን አሜሪካዊ ጸሐፊ ንጊ ቮ ደግሞ ለሰሚው አንደበት ሰጡት። እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመው «ነብሯ ከተራራ ስትወርድ»፣ ታሪክ መሰብሰብ ሥራቸው የሆነ መነኩሴ ቺህ ሊበሏቸው ለከበቧቸው ሦስት ነብሮች የአንዲት ነብርንና የአንዲት ሴት ሊቅን ፍቅር ይተርካሉ። ነብሮቹ ዝም ብለው አያዳምጡም፤ እየተቆጡ ያቋርጣሉ፣ ሰዎች የዘለሉትንና ያጣመሙትን ያርማሉ። አንዱ ፍቅር በሁለት ወገን ትዝታ ሲነገር፣ አንባቢው ታሪክ ለባለ ብዕሩ እንደሚያደላ ያለ ስብከት ይረዳል።

ለዚህ ስልት ኖቬላ የተመቸ ቁመት አለው። ለሳይንሳዊና ምናባዊ ልብወለድ በሚሰጠው በሁጎ ሽልማት ደንብ ኖቬላ የሚባለው ከ17,500 እስከ 40,000 ቃላት ያለው ሥራ ነው። ቶሎ ስለሚያልቅ አንባቢው የውስጡን ተረት ሲከተል የውጭውን ተራኪ አይረሳም፤ በረጅም ልብወለድ ይህ ክር በቀላሉ ይጠፋል። በአጭር ልብወለድ ደግሞ ሁለቱም ታሪኮች ሥር የሚሰዱበት ቦታ ያጣሉ። መነኩሴ ቺህን ከሚከተሉት የንጊ ቮ ተከታታይ መጻሕፍት የመጀመሪያው፣ «የጨውና የዕድል እቴጌ»፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በኖቬላ ዘርፍ ሁጎን ማሸነፉ ይህ ጥንታዊ ጥበብ ዛሬም አዲስ አንባቢ እንደሚያፈራ ያስረዳል።