ከአያቶቻችን ጎተራ

ተሳላሚ ምእመናን ለትንሣኤ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ሲመጡ ለገዳማውያን ብለው የሚቋጥሩት ስንቅ ከዓመት ዓመት ብዙም አይለወጥም፤ በሶ፣ ሽሮ፣ የገብስ ቆሎ፣ ተልባ፣ በርበሬ ነው። የበሶው ከረጢት በተፈታ ጊዜ የሚነሣው መዓዛ ብዙዎቻችንን ወደ አያቶቻችን ደጅ ይወስደናል። በዚህ እትም ስለዚያ ደጅ ከእናንተ ጋር ጥቂት መጨዋወት ወደድን።

አያቶቻችን የመንዝ ሰዎች ነበሩ። መንዝ ብርዱ የበረታ፣ ውርጩ እሸቱን በአንድ ሌሊት የሚያከስል አገር ነው። ጤፉ ለቆላው ይቀራል፤ ደጋው የገብስና የባቄላ ነው። ገብሱም ቢሆን አንድ ዓይነት አልነበረም። ገለባውን በቀላሉ የሚለቀው፣ ለቆሎ የሚመረጠው ሰነፍ ቆሎ ለብቻው፣ ጥቁሩ ለብቻው፣ ነጩም ለብቻው ይዘራ ነበር። ሴት አያታችን አንድ እፍኝ አንሥተው በመዳፋቸው ላይ ገልበጥ ገልበጥ ካደረጉት በኋላ ከየትኛው ማሳ እንደ መጣ ይናገሩ ነበር።

የዐቢይ ጾም ሲገባ የእርሳቸው ሙያ ስልጆ ነበር። የባቄላው ዱቄት በሱፍ ውኃ ተበጥብጦ በዝግታ እየተማሰለ ይበስላል፤ ሲበርድም ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጤና አዳም ገብቶበት በማሰሮ ታፍኖ ይሰነብታል። ክዳኑ ሲነሣ ሰናፍጩ አፍንጫ ይሰነጥቃል። ዛሬ በየምግብ ቤቱ «የጾም በያይነቱ» ሲቀርብ ስልጆ የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። ቀናት የሚፈልግ ምግብ ስለ ሆነ ይመስለናል፤ የሚቸኩል ሰው ስልጆ አይሠራም።

ወንድ አያታችን በበኩላቸው አውድማውን እንደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ያከብሩት ነበር። ጫማ ያለው አውልቆ ይገባል፤ ክፉ ቃል አይነገርበትም። በሬዎቹ ነዶውን ሲያበራዩ አፋቸውን አያስሩም ነበር፤ ኦሪት ይህን መከልከሏን ከካህናት ሰምተዋልና። በዚህች ቅድስት ከተማ ለምንኖር ይህ ሁሉ ሩቅ ነገር አይደለም። ዳዊት መሠዊያ ሊሠራበት ከኢያቡሳዊው ከኦርና በ50 ሰቅል ብር የገዛው ስፍራ አውድማ ነበረ። ሩትም ከኑኃሚን ጋር ቤተ ልሔም የደረሰችው በገብስ አጨዳ መጀመሪያ ነው።

ከወጣት ዲያቆናት መካከል በከተማ ያደጉት ድግርና እርፍን ለይተው አለማወቃቸው አያስደንቅም። ነገር ግን ጌታ እርፍ ይዞ ወደ ኋላ ስለሚመለከት ሰው የተናገረው ቃል ሲነበብ አንድ ነገር ያመልጣቸዋል። የአገራችን ገበሬ እርፉን የሚይዘው በአንድ እጁ ነው፤ ሁለተኛው እጅ የጅራፉ ነው። ዐይኑ ከፊቱ ለጥቂት ጊዜ ከተነሣ ማረሻው ከትልሙ ይወጣል፤ ድንጋይ ካገኘም ይሰበራል። ይህን ያየ ሰው ቃሉን ያለ ትርጓሜ ይረዳዋል።

የአያቶቻችንን ቤት ስናስብ ግን ጥጋቡን ብቻ ማውራት አይገባንም። ዘር የሚቀመጠው ከጎተራው ተለይቶ፣ በቅል ተደርጎ፣ አፉ በእበት ተመርጎ፣ ጭስ በሚያገኘው ጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ነበር። እርሱን መንካት ነውር ነው። በ1977 ዓ.ም. ረኃቡ ሰሜን ሸዋንም በመታ ጊዜ አያታችን በመጀመሪያ በጎቹን፣ ቀጥሎ አንዱን በሬ ሸጡ፤ ቅሉ ግን እንደ ተሰቀለ ነበር። በመጨረሻ ሴት አያታችን ራሳቸው አወረዱት። ቆልተው ለልጆች በእፍኝ በእፍኝ እያካፈሉ ሰጡ፤ እርሳቸው አልቀመሱም። ዛሬ ይህን የምንጽፈው በዚያ ዘር የተረፍን ነን።

በዚያ ዘመን ዘሩን የበላ ቤት ስፍር ቁጥር የለውም። እ.ኤ.አ. በ1976 አዲስ አበባ ውስጥ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ማዕከልና ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬውን ነባር ዘር ሰብስበው በማቆየታቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ዶክተሩ እ.ኤ.አ. በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት የተቀበሉትም በዚሁ ሥራቸው ነው።

የእኛ ቤት ዘር ግን የተመለሰው በዘመድ በኩል ነው። ከሁለት ክረምት በኋላ፣ ከወንዝ ማዶ ካሉ የአያታችን የአጎት ልጆች አንድ ቁና ሰነፍ ቆሎ በብድር መጣ። ሴት አያታችን ቁናውን በጭናቸው መካከል ይዘው ምድጃው አጠገብ ተቀመጡና ፍሬውን አንድ በአንድ ለቀሙት። ዙሪያቸውን ከብበን ነበር፤ አንዲት ፍሬ እንድንቀምስ የለመነ ልጅ ግን አልነበረም።