የሰፈር መልክ በማን ፈቃድ ይለወጣል?

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ስሙን ያገኘው ከአንድ ግቢ ነው። ከዓድዋ ድል በኋላ ዳግማዊ ምኒልክ ደጃቸውን ለጠኑት የአውሮፓ ልዑካን ከእንጦጦ ግርጌ ሰፋፊ መሬት ሰጡ። የፈረንሳይ ግቢ ብቻ ከ40 ሔክታር በላይ ነው። እንግሊዝ፣ ሩሲያና ጣሊያንም በዚያው አቅጣጫ ድርሻቸውን አግኝተዋል። ከተራራው ደን በታች ዛሬም በዛፍ የተሸፈኑት ትልልቅ ይዞታዎች እነዚህ ናቸው። ያቆያቸው ግን የከተማ ፕላን አይደለም፤ የኤምባሲ አጥር ነው።

ከአጥሩ ውጭ ያለውስ? ቪላው ከቀበሌ ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል፣ ሀብታሙና ድሃው በአንድ እድር ይቀባበራሉ። እንግዲህ የሰፈሩ መልክ የምንለው ይህንኑ ነው። ከላይ እንጦጦ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ በየካ ተራራ ደግሞ የጫካ ፕሮጀክት መጥቷል። በመካከል ያለው መሬት ዋጋው እንደማይንር የሚያስብ ካለ የዋህ ነው።

ሕጉ ምን ይላል? የ1992ቱ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 የማይንቀሳቀስ ቅርስን ይጠብቃል። የተከለለ ቦታ ለማወጅም በር ይከፍታል፤ ነገር ግን ቅርሶች ተሰባስበው ለሚገኙበት ሥፍራ ነው። የየካው ዋሻ ሚካኤል በዚህ ሊጠለል ይችላል። ጭቃ ቤትና እድር ግን አይችሉም።

ስለዚህ መፈለግ ያለብን በ2000 ዓ.ም. በወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 የተዘረጋውን መንገድ ነው። መዋቅራዊ ፕላን የከተማዋን አጠቃላይ ቅርጽ ይወስናል። የሕንፃው ከፍታ፣ የመንገዱ ስፋት፣ የወንዙ ዳርቻ ጉዳይ ግን ወደ መሬት የሚወርደው በአካባቢ ልማት ፕላን ነው። ረቂቁም ሳይጸድቅ ለነዋሪው ቀርቦ አስተያየት ሊሰጥበት ይገባል። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎች እንዲለቁ የተነገራቸው ጊዜ በቀናት የሚቆጠር ነበር። በቀናት ውስጥ ዕቃ ይጫናል እንጂ ስለ ፕላን አስተያየት አይሰጥም።

ጭቃ ቤቱ ለዘላለም ይኑር እያልኩ አይደለም። ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው ለአሥር ቤተሰብ የሆነ ቤት የሚያምረው ለማይኖርበት ሰው ነው። የእኔ ጭንቀት ሌላ ነው። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤት ወደ መንግሥት ሲዞር፣ ወርኃዊ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው በቀበሌ እጅ ገባ። የዚያ ቤት ተከራይ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቢኖርበትም በካሳ ስሌት ባለቤት ተብሎ አይቆጠርም። ቤቱ ሲነሳ ምትክ ቢያገኝ እንኳ ከከተማው ጫፍ ከሆነ፣ እድሩም ደንበኛውም ቀሩ ማለት ነው። ጉሊት ቸርቻሪዋ አዲሱ ሰፈር ለማን ትሸጣለች? ሕንፃው አምሮ ሰፈሩ ሊጠፋ የሚችለው እንዲህ ነው።

ተዳፋቱም የራሱ ጥያቄ አለው። ቀበና የሚነሳው ከእንጦጦ ነው። ገደላማው መሬት በሲሚንቶ በተሸፈነ ቁጥር ክረምት ላይ የማይሰርገው ውኃ ታች ያሉትን ይጎበኛል።

የ2009ኙ መዋቅራዊ ፕላን የአሥር ዓመት ዕድሜው በ2019 ያበቃል። ለሚቀጥለው ፕላን ከለጋሲዮን በኩል የሚቀርበው ጥያቄ ብዙ አይደለም፦ ለተዳፋቱ የከፍታ ገደብ፣ ለቀበና ዳርቻ ግንባታ የማይነካው ስፋት፣ ለቀበሌ ቤት ተከራይ እዚያው ሰፈር ምትክ ቤት። ረቂቁም ካቢኔ ከማየቱ በፊት በወረዳው አዳራሽ ይሰቀል፤ ሁሉም ሰው በሚያነበው አማርኛ፣ ከፍታውም በሜትር ተጽፎ።