ቀበቶው ለምን አብሮ ይታመማል?

የቦክስ ተመልካች ጉዳትን የሚለካው በደም ነው። ደም ሲያይ ጀግና ይላል፤ ደም ካላየ ፈሪ። ይህ ፍርድ ምን ያህል የተጣመመ እንደሆነ ለማሳየት ከዩክሬናዊው የከባድ ሚዛን ሻምፒዮን ከቪታሊ ክሊችኮ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም፤ በሦስት ዓመት ልዩነት ሁለቱንም ተብሏልና።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 1 ቀን 2000 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በርሊን ላይ ከአሜሪካዊው ክሪስ በርድ ጋር ሲገጥም ቪታሊ ሽንፈት አያውቅም ነበር። 27 ግጥሚያ፣ 27 ድል፤ አንዱም እስከ መጨረሻው ዙር አልዘለቀም። ዘጠነኛው ዙር ሲያልቅ ሁለት ዳኞች 88 ለ 83፣ ሦስተኛው 87 ለ 84 ለእሱ ሰጥተው ነበር። የቀሩትን ሦስት ዙሮች በሙሉ በአንድ በአንድ ነጥብ ቢበለጥ እንኳ፣ እስካልወደቀ ድረስ፣ በሁለቱ ዳኞች ወረቀት አሸንፎ ይወጣ ነበር። እሱ ግን ከወንበሩ አልነሳም አለ። የግራ ትከሻው ጅማት ተቀዶ ነበር። ከቆዳ በታች የተቀደደ ጅማት ደግሞ በቴሌቪዥን አይታይም። እየመራ የሚያቆም ምን ዓይነት ሻምፒዮን ነው ተባለ፤ በተለይ አሜሪካ ውስጥ ልብ የሌለው የሚለው ስም ተለጠፈበት። ቀበቶውን ወንድሙ ቭላዲሚር በዚያው ዓመት ኦክቶበር ኮሎኝ ውስጥ ከበርድ ላይ አስመለሰው። ስሙን ማስመለስ ግን ሌላ ጉዳይ ነበር።

ስሙ የተመለሰው ደግሞ በሌላ ሽንፈት ነው። በጁን 21 ቀን 2003 ሎስ አንጀለስ ውስጥ ከሻምፒዮኑ ሌኖክስ ሌዊስ ጋር የተገናኘው በአጋጣሚ ነበር፤ የሌዊስ ተጋጣሚ ኪርክ ጆንሰን በመጎዳቱ በጥቂት ቀናት ማስታወቂያ ተተካ። ስድስት ዙር ሲያልቅ ሦስቱም ዳኞች 58 ለ 56 ለቪታሊ ሰጥተው ነበር። ነገር ግን ከግራ ዓይኑ በላይ ያለው ቆዳ ተተርትሮ ስለነበር ሐኪሙ ግጥሚያውን አስቆመው። ቪታሊ ጮኸ፣ ተቃወመ፣ ልቀጥል አለ። አዳራሹ ለተሸናፊው አጨበጨበ፤ አሸናፊው ላይ ጮኸበት። ፊቱ ላይ 60 ያህል ስፌት አርፎበት ከሆስፒታል ሲወጣ ያ የበርሊን ፈሪ የለም፤ አዲስ ጀግና ተወልዷል።

ሰውየው ግን ያው ነው፤ ልቡም ያው። ልዩነቱ አንዱ ቁስል በካሜራ መታየቱ፣ ሌላው አለመታየቱ ብቻ ነው። እኔን ከጠየቃችሁኝ የበርሊኑ ቪታሊ ይበልጥብኛል። ደም ሲፈስ ልቀጥል ማለት ለቦክሰኛ ቀላል ነው፤ ሰውነቱ ሞቋል፣ ሕዝቡ ይጮኻል፣ አስቁሞ የሚወቀሰውም ሐኪሙ ነው። እየመራ፣ ሳይደማ፣ በሺህ ሰው ፊት በቃኝ ማለት ግን ለብቻ የሚሸከሙት ውሳኔ ነው።

የዚህ ፍርድ ዋጋ ስድብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ። በ1995 ለንደን ውስጥ ከናይጄል ቤን ጋር የተጋጠመው አሜሪካዊ ጄራልድ ማክሌላን በአሥረኛው ዙር ሲንበረከክ እጁን የሰጠ የመሰላቸው ነበሩ። አንጎሉ ውስጥ ደም እየፈሰሰ ነበር፤ የዓይኑን ብርሃን አጣ፣ መስማትም ከበደው። በኖቬምበር 2013 ኒውዮርክ ውስጥ ከማይክ ፔሬዝ ጋር የተጋጠመው ሩሲያዊ ማጎመድ አብዱሰላሞቭ ደግሞ ፊቱ አብጦ አሥሩንም ዙር ጨረሰ። እሱን ማንም ልብ የለውም አላለውም። ወደ ሆስፒታል የሄደው በታክሲ ነው፤ አንጎሉ ውስጥ ደም ረግቶ ራሱን ሳተ፣ ከዚያ በኋላም ወደ ቀድሞ ማንነቱ አልተመለሰም። የኒውዮርክ ክፍለ ግዛት በ2017 ለቤተሰቡ 22 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከወንበርህ ተነሣ የሚል ተመልካች ከዚያ ገንዘብ አንድ ሳንቲም አላዋጣም።

ከሎስ አንጀለሱ ምሽት በኋላ ደግሞ ፈሪ የሚለው ቃል ባለቤት ቀየረ፤ ተራው የሌዊስ ሆነ። የመልስ ግጥሚያው በዚያው ዓመት ማብቂያ ይደረጋል ተብሎ ድርድር ተጀምሮ ነበር፤ አልሆነም። በፌብሩዋሪ 2004 ሌዊስ በ38 ዓመቱ ጓንቱን ሰቀለ። ሸሸ ተባለ፤ ዛሬም ይባላል። እርግጥ ያ ግጥሚያ መቅረቱ ያንገበግባል፤ እኔም ማየት እፈልግ ነበር። ነገር ግን ሸሸ የተባለው ሰው ምን እንዳደረገ ተመልከቱ፦ ከእንግዲህ የማይጋጠም መሆኑን ሲያውቅ ቀበቶውን ጥሎ ወጣ። በኤፕሪል ቪታሊ ደቡብ አፍሪካዊውን ኮሪ ሳንደርስን አሸንፎ ባዶውን ዙፋን ያዘ። ወረፋው የቆመው ለሁለት ወር ተኩል ያህል ብቻ ነበር።

ጥያቄው መዞር ያለበት እዚህ ላይ ነው። የተጎዳ ቦክሰኛ ይቀጥል ወይስ ያቁም የሚለውን ለእሱና ለሐኪሙ እንተወው። እኛን የሚመለከተን እሱ አልጋ ላይ ሳለ ቀበቶው ማን ቤት ነው የሚለው ነው። በዚህ በኩል ደግሞ ቪታሊ ከሌዊስ ብዙ መማር ነበረበት።

በ2005 የዓለም ቦክስ ምክር ቤት (ደብልዩ ቢ ሲ) ተረኛ ተፋላሚ ሐሲም ራህማን ነበር፤ በ2001 ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ሌዊስን በአንድ ቀኝ ቡጢ የዘረረው ሰው። ግጥሚያው ቀን ተቆረጠለት፣ ተላለፈ፤ እንደገና ተቆረጠ፣ እንደገና ተላለፈ። አንዴ ጭን፣ አንዴ ጀርባ፣ በመጨረሻም ጉልበት። ጉዳቶቹ እውነተኛ ስለመሆናቸው አልጠራጠርም፤ ሐሰት ናቸው የሚሉት ከበርሊን ተሳዳቢዎች የሚሻሉ አይደሉም። ግን ቀበቶው ለምን አብሮ ይታመማል? ራህማን በመሀሉ ሞንቴ ባሬትን አሸንፎ ጊዜያዊ ሻምፒዮን የሚል ማዕረግ ተሰጠው። በኖቬምበር፣ ግጥሚያው ሊደረግ ቀናት ሲቀሩት፣ ቪታሊ ጡረታ ወጣ፤ ራህማንም ሻምፒዮኑን አንድ ቡጢ ሳይሰነዝርበት ሻምፒዮን ተብሎ ተሰየመ። ለቪታሊ ደግሞ የክብር ሻምፒዮን የሚል ማዕረግ ተሰጠው። ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ መመለስ ባሻህ ቀን ያለ ወረፋ ለቀበቶው ትጋጠማለህ።

ይህን ደግነት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ንግድ ነው እላለሁ። ምክር ቤቱ ለእያንዳንዱ የቀበቶ ግጥሚያ ከቦክሰኞቹ ክፍያ ላይ መቶኛ ይቆርጣል፤ ቀበቶ በበዛ ቁጥር ቆራጩ ይጠቀማል፣ ትልቅ ስም በተመለሰ ቁጥር ይበልጥ ይጠቀማል። ጊዜያዊ፣ የክብር፣ ብር፣ አልማዝ፣ ኋላም ፍራንቻይዝ፤ የጌጣጌጥ ሱቅ ነው የሚመስለው።

የደግነቱን ሂሳብ የከፈለው ናይጄሪያዊው ሳሙኤል ፒተር ነው። ተረኛ ለመሆን ጄምስ ቶኒን በ2006 አሸነፈ፤ አልበቃም ተብሎ ድገመው ተባለ፤ በጃንዋሪ 2007 ደገመው። ከራህማን በኋላ ሻምፒዮን የሆነው ኦሌግ ማስካዬቭ ሊገጥመው ሲል ተጎዳ። ተመላሹ ቪታሊ ደግሞ ከጃሚል ማክላይን ጋር ሙኒክ ላይ ሊጋጠም ቀን ከተቆረጠለት በኋላ ጀርባው እንደገና አሳመመው፤ ማክላይንም ለፒተር ተላለፈ። ፒተር በዚያ ግጥሚያ ሦስት ጊዜ ወድቆ ተነሥቶ አሸነፈ። በማርች 2008 ካንኩን ላይ ማስካዬቭን በስድስተኛው ዙር ሲጨርስ ቀበቶውን በላቡ አገኘው። መጀመሪያ የተላከበት ተፋላሚ ማን ነበር? ወደ አራት ዓመት ገደማ አንድም ግጥሚያ ያላደረገው፣ ለማሟሟቂያ እንኳ ማንንም ያልገጠመው ባለ ክብር ማዕረጉ ቪታሊ። በኦክቶበር በርሊን ውስጥ ፒተር ከስምንት ዙር በኋላ አልቀጥልም አለ።

ቪታሊ የተሻለው ቦክሰኛ ነበር፤ በዚያ ምሽት ያሳየው ብቃት ከአራት ዓመት ዝምታ በኋላ መሆኑ ያስገርማል። የተሻለ መሆን ግን ወረፋ መዝለልን አያጸድቅም። የተሻለ ከሆነ አንድ ተፋላሚ አሸንፎ ቢመጣ ምን ይጎድልበት ነበር?

ቀበቶውን ሪንግ ውስጥ ያልተሸነፈን ሰው በሕመሙ ምክንያት መንጠቅ ግፍ ነው የሚለውን ክርክር አውቀዋለሁ፤ ቀላልም አይደለም። በተለይ ድርጅቶች ሲጣደፉ እውነት አለው፤ ዓለም አቀፉ የቦክስ ፌዴሬሽን (አይ ቢ ኤፍ) በ2015 ታይሰን ፊውሪን ቭላዲሚርን ባሸነፈ በሁለት ሳምንት ውስጥ ነጥቆታል፤ ጥፋቱ በውል የተገባለትን የመልስ ግጥሚያ መምረጡ ነበር። ሆኖም የዚያው የፊውሪ ታሪክ ቀጣይ ምዕራፍ ለእኔ ይመሰክራል። የመልስ ግጥሚያው በ2016 ሁለት ጊዜ ፈረሰ፤ መጀመሪያ ቁርጭምጭሚቱ፣ ከዚያ የአእምሮ ጤናው። በኦክቶበር የቀሩትን ቀበቶዎች ለቀቀ። በኤፕሪል 2017 አንቶኒ ጆሹዋና ቭላዲሚር ዌምብሌይ ስታዲየምን ሞልተው ከዘመኑ ምርጥ ግጥሚያዎች አንዱን አሳዩ። ፊውሪም ሲመለስ በ2018 ሁለት አነስተኛ ተጋጣሚዎችን አልፎ ከዲዮንቴ ዋይልደር ጋር አቻ ወጣ፤ በፌብሩዋሪ 2020 በመልሱ አሸንፎት ሻምፒዮን ሆነ። ቀበቶ መልቀቁ ማንንም አልገደለም፤ እሱንም ጭምር።

የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው። ሻምፒዮን ሲጎዳ ስድስት ወር ይሰጠው፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቀበቶው ለወረፋው ይለቀቅ፤ ሲድን አንድ ግጥሚያ አሸንፎ ቅድሚያ ያግኝ። ጊዜያዊ የሚባለው ቀበቶም ይቅር።

ይህ ቢሆን ኖሮ ቤርማን ስቲቨርን አንድ ዓመት ባልጠበቀ። ቪታሊ ለመጨረሻ ጊዜ የተጋጠመው በሴፕቴምበር 2012 ሞስኮ ውስጥ ነው። ስቲቨርን በኤፕሪል 2013 ክሪስ አሬዮላን አሸንፎ ተረኛ ሆነ። ቪታሊ እጁ ተጎድቶ፣ የኪዬቭ ፖለቲካም ስቦት፣ ቀበቶውን እስከ ዲሴምበር ይዞት ቆየ። ስቲቨርን ለባዶው ቀበቶ ሪንግ ላይ የወጣው በሜይ 2014 ነው፤ ተጋጣሚው ያው ቀድሞ ያሸነፈው አሬዮላ ነበር። ለቪታሊ ደግሞ፣ ሲለቅ፣ የክብር ሻምፒዮንነቱ ለሁለተኛ ጊዜ ተሰጠው።