ምስጥ ሞዴል 22 አይሞላም

ሰሞኑን ውጭ አገር የሚኖር አንድ የስማዳ ልጅ ደወለልኝ። ከጓደኞቹ ጋር መጽሐፍ እያሰባሰቡ ነው፤ ወገዳ ላለ ትምህርት ቤት ሊልኩ። «አንተ ጋዜጠኛ ነህ፣ እስቲ ጻፍልን» አለኝ። እሺ አልኩት። ይኸው ጻፍኩ፤ እሱ የጠበቀውን ግን አይደለም።

እኔ የተማርኩበት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት (ስሙ ይቆየን) ቤተ መጻሕፍት ነበረው። መጽሐፍም ነበረው። በመስታወት ቁም ሳጥን ውስጥ ተደርድሮ፣ ተቆልፎበት። ልብ ወለዱን፣ ታሪኩን፣ መዝገበ ቃላቱን በመስታወቱ በኩል አየው ነበር። አራት ዓመት ሙሉ ያነበብኩት የመጽሐፍ ጀርባ ነው። የሚወጣው የክፍል መማሪያው ብቻ ነበር፤ እሱም መታወቂያ አስይዘህ፣ እዚያው ተቀምጠህ። ሌላውን ስንጠይቅ የጠባቂዋ መልስ «እሱ አይወጣም» ነበር። ክፉ ሴት ናት ብዬ ቂም ይዤባት ነው የወጣሁት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ለሥራ ስሄድ ቤቷ ቡና ጠራችኝ። «እትዬ፣ ለምን ነበር እንደዚያ የምትጨክኚብን?» አልኳት። ሳቀች። ከእሷ በፊት የነበረው ሠራተኛ ያበድር ነበር አለችኝ። ሲዛወር ቆጠራ ተደረገ፤ መጽሐፍ ጎደለ። ክሊራንስ ተከለከለ፣ ከደመወዙ ተቆረጠ። «ልጄ፣ እኔ የማሳድጋቸው ልጆች ነበሩኝ» አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በእሷ ላይ ቂም የለኝም። በወረቀቱ ላይ ግን አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በመንግሥት ቤት መጽሐፍ በሞዴል 19 ገቢ ይሆናል፣ በሞዴል 22 ወጪ ይሆናል፤ ልክ እንደ ወንበርና እንደ ጠረጴዛ። የተረከበው ሰው ስሙ አለበት። ወንበር በቦታው ከተገኘ ሥራው ላይ ነው ማለት ነው። መጽሐፍ ግን ሥራው ላይ የሚሆነው ከቦታው ሲታጣ ነው፤ አንድ ልጅ ቤቱ ወስዶት፣ ለእህቱ አውሶት፣ ሽፋኑ ተገንጥሎ። ለቆጠራ የመጣው ሰው ይሄን አያውቅም። እሱ ዘንድ ያልተነካ መጽሐፍ ማለት ጥሩ ሠራተኛ ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ ያየኋቸው ሁሉ ያው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ተገላገልኩ ብዬ ነበር። ቦርሳህን ውጭ አስቀምጥ፣ መታወቂያህን ስጥ፤ ተፈላጊው መጽሐፍ ደግሞ ጥቂት ቅጂ ስለሆነ በሰዓት ነው። የወረዳ ከተማ ማንበቢያ ቤቶችንም ግቡና እዩ፦ ወንበሩን የሞላው ወጣት የሚያነበው የራሱን ደብተርና ከስልኩ ላይ ያወረደውን ፒዲኤፍ ነው። መጽሐፉ ከጀርባው ተቆልፎበታል። የመጣው ለመብራትና ለጸጥታ ነው።

ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም ቁልፍ አለ፤ እዚያ ግን ምላሴ ያጥራል። በሚያዝያ 1860 መቅደላ ሲወድቅ አፄ ቴዎድሮስ ከሰበሰቧቸው የብራና መጻሕፍት ወደ 350 የሚጠጉት ለንደን ገብተዋል። ከዚያ ወዲህም የብራና ሌባ አልጠፋም። ስለዚህ ቄሰ ገበዙ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ቢያጠብቅ አልፈርድበትም። ብራና አንድ ነው፤ ከሄደ ሄደ። ሆኖም እዚያም መላ ተገኝቷል፦ ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ከ9,000 በላይ የብራና መጻሕፍት በማይክሮፊልም ተነሥተው አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ፣ ሌላው አሜሪካ ሚኔሶታ ተቀምጧል። ዋናው ተቆልፎም ቢሆን ቅጂው ይነበባል። በማተሚያ ቤት በሺዎች የታተመን የ9ኛ ክፍል ባዮሎጂ እንደ ብራና የሚቆልፍ ሰው ግን ምን ይባላል?

እንግሊዝ አገር ሄርፎርድ ካቴድራል ውስጥ እስከ ዛሬ በሰንሰለት የታሰሩ መጻሕፍት አሉ። ሰው ሲሰማ ይስቃል። አትሳቁ። ሰንሰለቱ የተበጀው መጽሐፉ ሳይሰረቅ የመጣ ሁሉ እንዲገልጠው ነው፤ ገመዱ እስከ ማንበቢያው ጠረጴዛ ይደርሳል። የእኛ መስታወት ከዚያ ይከፋል። የቤተ መጻሕፍትን ሙያ በዘመናችን መልክ ካስያዙት አንዱ ሕንዳዊው ራንጋናታን እ.ኤ.አ. በ1931 አምስት ሕጎች ሲያወጣ የመጀመሪያው መጽሐፍ ለአገልግሎት ነው የሚል ነበር። ይሄን መጻፍ ለምን እንዳስፈለገው የገባኝ የእኛን ቁም ሳጥን ካየሁ በኋላ ነው።

«ቢከፈት ይሰረቃላ!» ትሉኛላችሁ። አዎ፣ ይሰረቃል። ሁሉም አይመለስም። ግን የተቆለፈውስ አለ ወይ? ጣሪያው ያፈሳል፣ አይጥ ይገባል፣ ምስጥ ከግድግዳው ይወጣል። ምስጥ ሞዴል 22 አይሞላም፤ ምስጥ ደመወዝ ስለሌለው አይቆረጥበትም። ምስጥ የበላው «በተፈጥሮ ጉዳት» ተብሎ በቃለ ጉባኤ ይሰረዛል። ልጅ ያነበበው ግን ዕዳ ነው። እስቲ የትኛው ነው ኪሳራ?

በነገራችን ላይ መጽሐፍ ማዋስ ለእኛ አገር ባዕድ አይደለም። የድጓ ምስክር የሚኬድበት ቤተልሔም ጋይንት ውስጥ ነው። የድጓ ተማሪ ድጓውን የሚማረው እየገለበጠ ነው፤ ብራና ዳምጦ፣ ቀለም በጥብጦ፣ ከሌላ መጽሐፍ እያየ በእጁ ይጽፋል። መጽሐፍ ወጥቶ እሱ እጅ ካልገባ ትምህርቱ የለም። ልመና ለምኖ የሚያድር ተማሪ ታምኖ መጽሐፍ ሲሰጠው፣ ቤቱና አባቱ የሚታወቀው የ10ኛ ክፍል ልጅ አይታመንም። በቅርቡም ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በ1995 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ አዋሳ ላይ ደግሞ መጽሐፉን በአህያ ጋሪ አስጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ላከው። አህያ እኛ አገር ሞልቷል።

ጦርነቱን ረሳኸው እንዳትሉኝ። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ስንት ትምህርት ቤት እንደተዘጋ አውቃለሁ፤ እሱ ራሱን የቻለ ጽሑፍ ነው። ቁልፉ ግን ከጦርነቱ በፊትም ነበረ፣ ሰላም ሲሆንም ማንም ካልነካው ይኖራል።

የምጠይቀው ሕንፃ አይደለም፣ በጀትም አይደለም። አንድ መስመር ነው። የወረዳ ትምህርትና የገንዘብ ጽሕፈት ቤቶች ተነጋግረው ይጻፉት፦ በዓመት ከመቶ መጽሐፍ አምስቱ ወይም አሥሩ ቢጎድል ሠራተኛው አይጠየቅም፤ ያበደረበትን መዝገብ ካሳየ በቃ። ለምስጥ የተሰጠው ምሕረት ለአንባቢም ይሰጥ። ቆጣሪውም ሲመጣ «ስንት አለ?» ብሎ ብቻ አይሂድ፤ «ዘንድሮ ስንት አበደርሽ?» ብሎ ይጠይቅ።

ለደወለልኝ ልጅ ይሄን ሁሉ አላወራሁትም። «ካርቶኑን ከመጫናችሁ በፊት ርእሰ መምህሩን አንድ ነገር ጠይቁልኝ» አልኩት። «ምን?» አለ። «አንድ መጽሐፍ ቢጠፋ ከማን ደመወዝ ነው የሚቆረጠው?» ዝም አለ። እጠይቃለሁ፣ መልሼ እደውልልሃለሁ አለኝ። እየጠበቅሁት ነው።